ለጉልበት የሚጠጣ ቅቤ

በሆድ ሕመም ሁለት ጊዜ ተኝቶ የተነሣው ልጄ የሚኖረው ሶዶ ከተማ ነው። ጉልበት እንዲሆነው በእንሰት ቅጠል ቅቤ ጠቅልዬ፣ ከቦዲቲ በጭነት መኪና ተሳፈርኩ። አጠገቤ የእህል ጆንያ ላይ አንድ ሽማግሌና አንድ ከሲታ ጎልማሳ ተቀምጠዋል። ሽማግሌው የአረቄ ጠርሙሳቸውን ለጎልማሳው ዘረጉለት።

«ይቅርብኝ አባባ። ሐኪም ከልክሎኛል።»

«መስቀል ደርሶ የማይጠጣ ወንድ! ምንህን ነው?»

«ቆሽትህ ነው አለኝ። ሲነሣብኝ ከሆዴ እስከ ጀርባዬ ይሰነጥቀኛል። ውኃ እንኳ አይረጋልኝም።»

«ይመላለሳል?»

«ሦስት ጊዜ ጥሎኛል። አራተኛውን አትችለውም ብሎኛል።»

«መድኃኒቱስ?»

«መጠጥ ጨርሶ መተው፣ ከቅባት መራቅ፣ ትንሽ ትንሽ መብላት።»

«የመስቀሉ በሬስ?»

«ለጎረቤት ቆርጬ አከፋፍላለሁ።»

«ቢላዋ ይዘህ ምራቅህን ልትውጥ!»

«ይሳቁብኝ አባባ። ከለቅሶ ይሻላል።»

ሽማግሌው ጠርሙሱን ወሸቁት።

«እናትህ እንዴት ቻለችው?»

«እሷማ፣ ሕመሙ ለቀቅ ባደረገኝ ቁጥር፣ ጉልበት ይሁንህ እያለች ቅቤ አቅልጣ ታጠጣኝ ነበር።»

«ደግ አደረገች።»

«ወዲያው ሕመሙ ይመለስብኝ ነበር። ሐኪሙ የሚጥልህ ቅቤው ነው ሲለኝ ነው የነቃሁት።»

«ነገርካት?»

«አልነገርኳትም። ሳታውቀው ሞተች።»

«ለምን ደበቅካት?»

«በገዛ እጅሽ ነው ያሳመምሽኝ ልበላት?»

ከሶዶ በላይ ያለው የዳሞታ ተራራ ብቅ ሲል፣ ጉልበቴ ላይ የነበረውን የቅቤ ጥቅል በነጠላዬ ሸፈንኩት።