አንድ ቃል ለሁለት በሽታ

ከሙየንጋ ኮረብታ በቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ስወርድ ዝናብ ያዘኝና ባለቦዳው አንድ ሱቅ በር ላይ ጥሎኝ ሄደ። ቀጠሮ ነበረብኝ፤ መቆም ደግሞ አልወድም። ሱቁ የአቶ ሙሐመድዘይን ነው። ከወሎ መጥተው ካምፓላ ውስጥ ዱቄትና ዘይት የሚቸረችሩ፣ እንግዳ ሲያዩ ወንበር የሚስቡ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን ሰላምታዬን እንኳ በቅጡ አልመለሱም፤ የነርስነት ትምህርቷን ልትጨርስ ከተቃረበችው ልጃቸው ከኻሊዳ ጋር ተፋጠዋል።

«መምህር፣ እስቲ ይዳኙን» አሉኝ። «ባለቤቴ ዛሂዳ ትስላለች። ሐኪሙ የሳንባ ነቀርሳ ነው አለ። እሱንማ አምና ኪኒኗን ሳታዛንፍ ውጣ ጨርሳለች! አሁን ደግሞ ደረቷን በመርፌ ወግተን እንይ ይላሉ። ቀጠሮው ዛሬ ነው፤ እኔ ግን አልወስዳትም።»

«አባቴ፣ ሐኪሙ ያለው ሌላ ነው» አለች ኻሊዳ በትሕትና። «እኔው ራሴ አነጋግሬዋለሁ፤ ካንሰር ጠርጥሯል። ነቀርሳ ብሎ የተረጎመልዎ ጎረቤታችን ታፈሰ ነው።»

«ታፈሰ አማርኛ አይችልም ልትዪኝ ነው?»

ይችላል፤ ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። እንጀራዬ አማርኛ ማስተማር ስለሆነ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

«ታፈሰም አልተሳሳተ፣ እርስዎም አልተሳሳቱ» አልኳቸው። «ነቀርሳ ካንሰርም ማለት ነው። የሳንባ ነቀርሳ ሲባል ግን ሁላችንም የምንሰማው ቲቢን ነው። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ለየቅል ነው።»

«የሳንባ ካንሰርማ የአጫሽ ነው!» ብለው ጮኹ። «ወላሂ፣ ዛሂዳ ሲጋራ በእጇ ነክታ አታውቅም። ነገ ሰው ምን ይላል? በድብቅ ታጨስ ነበር አይደል የሚለው?»

እውነቱ ወጣ። ሚስት እየሳለች ባል የሰው አፍ ሲፈራ በማየቴ ተናደድኩ። ኻሊዳ ግን ከእኔ የተሻለ ትዕግሥት አላት።

«ድሮ የሚታመሙት አብዛኞቹ አጫሽ ወንዶች ነበሩ፤ ዛሬም ዋናው ጠንቅ ሲጋራ ነው» አለች። «አሁን ግን በብዙ አገር ከበሽተኞቹ መካከል ሲጋራ አፋቸው ገብቶ የማያውቅ ሰዎች ድርሻ እየጨመረ ነው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። የመኪና ጭስ አለ፣ የማድቤት ጭስ አለ። እናቴ ሳምቡሳ የምትጠብሰው የት ነው?»

አቶ ሙሐመድዘይን ወደ ጓዳው መጋረጃ ዞር አሉ። ጓዳው መስኮት የለውም። ዝናብ በጣለ ቁጥር ሲግሪው፣ ያ የከሰል ምድጃ፣ ወደዚያ ይገባል።

«ከሰሉ ነው ያሳመማት ማለትሽ ነው?» ድምፃቸው ወረደ።

«እሱን ማንም ሊምልልዎ አይችልም። ካንሰር መሆኑም ገና አልታወቀም፤ መርፌው ለዚያ ነው። ከሆነም በጊዜ የተደረሰበትና የዘገየ እኩል አይደሉም። ጭሱን መቀነስ ግን በእጃችን ነው። ጋዝ እስክንገዛ ምድጃው በረንዳ ላይ ይሁን።»

እኔም ስለ ንጹሕ አየር ጥቅም ንግግሬን ገና መጀመሬ ነበር፤ መጋረጃው ተገለጠ። ወይዘሮ ዛሂዳ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሻሻቸውን አስረው ቆመዋል። ሳሉ እስኪለቃቸው ሁላችንም ጠበቅን።

«የማን ሳንባ እንደሆነ ረሳችሁት እንዴ?» አሉ። «ከጠዋት ጀምሮ ለብሼ ተቀምጫለሁ። ትሄጃለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።»

አፈርን፤ እኔም አስተማሪው አፈርኩ። አቶ ሙሐመድዘይን ጓዳ ገብተው ሲግሪውን በጨርቅ ይዘው አወጡና በረንዳው ላይ አስቀመጡት፤ ከዚያ ዣንጥላ አንስተው ለሚስታቸው ዘረጉ።

የመርፌው ውጤት ገና አልመጣም፤ እኔም በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ጎራ ብዬ እጠይቃለሁ። ጓዳው ግን መስኮት ተከፍቶለታል፤ ጋዝም ገብቷል። ጎረቤቶችም ሳል የጠናባት ሴት ሲያዩ ቲቢ ብቻ ነው ብለው አይተዉም፤ ታጨስ ነበር ብለውም አያሟትም። ይህ ሁሉ ለውጥ የጀመረው ያን ቀን ነው። ባልና ሚስቱ ወደ ሐኪም ሊወጡ ሲሉ አንዲት ደንበኛ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀቻቸው። አቶ ሙሐመድዘይን ጎላ ባለ ድምፅ መለሱላት፦ «ዛሂዳ የሳንባ ካንሰር ተጠርጥሮባት ልትመረመር ነው። ሱቁ ዛሬ ዝግ ነው።»