ዕጣ የሰጠኝ ወገን

አሥመራ ትምህርት ቤታችን ክርክር ሲኖር ወገናችንን የምንለየው በዕጣ ነበር፤ ርእሱን ግን ሁልጊዜ ወንዶቹ መምህራን ይመርጡልን ነበር። አንድ ጊዜ «ለሴት ልጅ ትምህርት ይሻላታል ወይስ ትዳር?» አሉን። ለእኔ ትዳር ደረሰኝ። ትግርኛ ከክፍል ከተባረረ ወዲህ በተማርኩት አማርኛ፣ የተማረች ሴት ጎጆዋ ቀዝቃዛ ነው ብዬ እጄን እያወናጨፍኩ ተከራከርኩና አሸነፍኩ። ሁሉም ሲያጨበጭብ፣ ክርክሩን ሊያይ መጥቶ ከኋላ የተቀመጠው አባቴ ብቻ አንገቱን ደፍቶ አየሁት።

አብረን ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ሄድን። እዚያ ስንደርስ፣ «ጓለይ፣» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው፤ «መማሩ ሰልችቶሽ ከሆነ ምነው ለእኔ ብትነግሪኝ? ከዓዲ ጓዕዳድ መንደር አንቺን ለትዳር ሊጠይቁ ሽማግሎች በመጡ ቁጥር፣ ልጄ ትምህርቷን ትወዳለች እያልኩ የመለስኳቸው ተሳስቼ ነው?»

ሽማግሎች መምጣታቸውን ያኔ ገና መስማቴ ነው።

«አቦይ፣ ዕጣ ነው እኮ! ትምህርት ቢደርሰኝ ለትምህርት እከራከር ነበር።»

«ያላመንሽበትን ነው እንዲያ አሳምረሽ የተናገርሽው?» አለና ትንሽ ፈገግ አለ። «በይ እንግዲያ ያመንሽበትን እዚሁ ንገሪኝ።»

ጀመርኩ። አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ። «ትሳፈራላችሁ ወይስ ቤታችሁ እዚህ ሆነ?» አለ ሹፌሩ። አባቴ ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል በእጁ ሂድ አለው።

ከዚያ ወዲህ በሰው አገር ብዙ አዋቂ ነኝ ባይ ፊት ቆሜ ተናግሬያለሁ፤ ሳልጨርስ ሰዓቱን የማያይ አልገጠመኝም። አውቶቡስ ያሳለፈልኝ አባቴ ብቻ ነው።