ምላጭ የሚፈራ ቁጣ

ሰውን ከሰው የሚያስታርቅ ሽማግሌ ብቻ አይደለም፤ ዝናብም ያስታርቃል። ከአራት ወር ኩርፊያ በኋላ ወደ ሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ቤት የገባሁት ይቅር ብዬው አልነበረም። ነፋስ ጃንጥላዬን ገለበጠብኝ፤ የቀረበኝ በር ደግሞ የእሱ ነበር።

ያጣላን መስኮት ነው። እኔ ይከፈት አልኩ፣ እሱ ይዘጋ አለ። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ስለ አየር ዝውውር ጥቂት ላስረዳው ሞከርኩ፤ እሱ መስተዋቱ እስኪርገበገብ ጮኸብኝ። ሰፈሩ ከጀርባው «ጋሽ ነጎድጓድ» የሚለው በከንቱ አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴ ላይ የቀሩትን ጥቂት ፀጉሮች ሌላ ቤት እየወሰድኩ ሳስቆርጥ ከረምኩ።

«ይግቡ መምህር፣ በስብሰዋል እኮ» አለኝ፣ ደረቅ ፎጣ እያቀበለኝ። መጣላታችንን ጨርሶ ረስቶታል። እኔ አራት ወር ሙሉ የተሸከምኩትን ነገር እሱ በማግስቱ እንደጣለው ሳውቅ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ይበልጥ ተናደድኩ።

ከመስኮቱ ሥር አንዲት ወጣት ተቀምጣለች። የእህቱ ልጅ ናት፤ ሥነ ልቦና ተምራ በአንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ሆና ተቀጥራለች።

«እንኳን መጡልን መምህር» አለች ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ። «ዳኛ ቸግሮን ነበር። የጋሼ ልጅ እሁድ ልትመጣ ነው።»

ይህ ቀላል ወሬ አልነበረም። ፀጉር አስተካካዩ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ያለችው አንዲት ሴት ልጅ ናት። ከአንድ ዓመት በፊት ምሳ ላይ ሳሉ የልጅቱ ባል ሳያስፈቅድ የሬዲዮኑን ጣቢያ ለወጠ፤ አማቱ ዜና እያዳመጠ ኖሯል። ጎረቤት እስኪሰበሰብ ጮኸበት። ልጅቱ ተነሥታ የባሏን እጅ ያዘችና «አባዬ፣ ድምፅህ ዝቅ ሲል እመጣለሁ» ብላ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ወልዳለች። የአምስት ወሩን የልጅ ልጁን እስከ ዛሬ በዓይኑ አላየውም፤ ያለችው በመስተዋቱ ጥግ የተሰካች ፎቶግራፍ ብቻ ናት።

«ስንት ለምኛት ነው እሺ ያለችው» ቀጠለች ወጣቷ። «ግን አስጠንቅቃኛለች። ሕፃኑን በጩኸት ካስደነገጡት ትነሣለች፤ ሁለተኛ አትመለስም።»

«እኔ ምን ላድርግ?» አለ ሰውየው። «ቁጣን እኔ አልፈጠርኩት። አባቴም እንዲህ ነበሩ፣ አያቴም እንዲህ ነበሩ። በደሜ ያለ ነገር ነው። ነብር ዥንጉርጉርነቱን ይለውጣል?» ይህን ሲል ዓይኑ ፎቶግራፏ ላይ ነበር።

«በደም የሚወረሰው አፍንጫ ነው ጋሼ። ንዴቱስ የደም ይሁን፤ መጮህ ግን ልማድ ነው። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማድ ሲባል አልሰሙም?»

«ጭራሽ ሌባ አደረግሽኝ?»

«ልማድ ካልኩ ይበቃኛል። ልማድ ደግሞ በልማድ ይለወጣል።»

«ይህ የመጽሐፍ ወሬ ነው፣ እናቴ» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ይቀመጡ መምህር፣ ጢምዎ አድጓል።»

ተቀመጥኩ። ሳሙናውን ቀባኝ፤ ታጣፊውን ምላጭ ዘርግቶ ጉሮሮዬ ላይ አሳረፈው። ለዚህች ልጅ ክፉ ሐሳብ የመጣላት ይኼኔ ነው።

«ጋሼ» አለች በተረጋጋ ድምፅ፣ «ማዶ የተከፈተው አዲሱ ፀጉር ቤት ከእርስዎ ይሻላል ይባላል።»

ትንፋሼን ያዝኩ።

«መቀስዎም ዶልዱሟል ይላሉ። ጆሮ ሥር ሲደርሱ ያጣምማሉም ይላሉ።»

በመስተዋቱ ውስጥ በዓይኔ ለመንኳት፤ አላየችኝም። የጉሮሮዬ ባለቤት እኔ መሆኔን የዘነጋች መሰለችኝ። ሰውየው ግን ጣቱ እንኳ ንቅንቅ አላለም። «ሰው ምን የማይለው አለ» አለ ለስለስ ባለ ድምፅ። አገጬን ጨረሰ። ምላጩን ትከሻው ላይ ባለው ፎጣ አንዴ፣ ሁለቴ ጠረገ፣ አጠፈው፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከዚያ በኋላ ነው የፈነዳው።

«ማነው ዶልዱሟል ያለው!»

መስተዋቱ ተርገበገበ፤ ከመደርደሪያው ማበጠሪያ ወደቀ። እሷ ማበጠሪያውን አንሥታ ሰዓቷን አየች።

«ሦስት ደቂቃ ሙሉ» አለች። «ጋሼ፣ ቁጣው እስካሁን የት ነበር?»

«ምላጭ ይዤ? ሰው እንዳርድ ነው?»

«እንግዲያው ደምዎ ምላጭ ያውቃል ማለት ነው። ይህን ማን አስተማረው?»

ሰውየው ሳቅ አለና አጠገቤ ባለው ባዶ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ፊኛ» አለ። «ሙያ ያስተማሩኝ ሰውዬ ፊኛ ነፍተው ሳሙና ይቀቡና ላጭ ይሉኛል። እኔ ስላጭ እሳቸው ከኋላዬ ቆመው ይሰድቡኛል፤ እጄ በንዴት እንዳይናወጥ ሊያጸኑት ነው። ከተናደድኩ እጄ ይጠነክራል፤ ከጠነከረ ፊኛው ይፈነዳል፤ ሳሙናው ፊቴ ላይ። በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ ስምንት አፈነዳሁ። በሦስተኛው ወር እናቴን ቢሰድቡ እጄ አይሰማም ነበር።»

«ታዲያ ይህ ከእኔ የመጽሐፍ ወሬ በምን ይለያል?»

«ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። አሁን ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው።»

«የኤሌክትሪክ መቁረጫውን በስንት ዓመትዎ ለመዱ? አምና 'ይህን የንብ ቀፎ አልነካም' ያሉት ማን ነበር?»

መቁረጫው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ሰውየው በጎን አየው። ይህን መልስ እኔ ነበርኩ መስጠት የሚገባኝ፤ ነገር ግን ጉሮሮዬን እየዳበስኩ ነበር።

ወጣቷ ያስተማረችው ዘዴ አንድ ሕፃን የሚይዘው ነው። ንዴት ሲመጣ አትከልክለው፣ ይምጣ። ነገር ግን አፍህን ከመክፈትህ በፊት፣ ምላጭ እንደያዝክ ቆጥረህ አውራ ጣትህን ትከሻህ ላይ ባለው ፎጣ አንዴ፣ ሁለቴ ጥረግ። «እጅዎ የሚያውቀውን ትዕግሥት አፍዎ ይዋሰው» አለችው። «በአንድ ቀን አይሆንም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

እስከ እሁድ ሦስት ቀን ቀርቷል። ሰዳቢ ሆኜ የተሾምኩት እኔ ነኝ። የአራት ወር ኩርፊያ ያጠራቀመልኝ ብዙ ነበርና ሥራውን በደስታ ተቀበልኩ። ሐሙስ ስለ መስኮቱ አነሣሁ፤ ጣቱ ወደ ፎጣው ሳይደርስ ጮኸ። «አንድ ፊኛ» አለች ወጣቷ። ማታ ሲዘጋ አምስት ደርሶ ነበር። ዓርብ ሁለት ሆነ። ቅዳሜ እስከ ቀትር አንድም አልፈነዳም፤ እኔም ስድብ አልቆብኝ ስለ ጫማው መናገር ጀምሬ ነበር።

ከቀትር በኋላ ግን አንድ ደንበኛ መላጨቱ ሳያልቅ ስልኩን ሊያነሣ ብድግ ሲል የሳሙናውን ጎድጓዳ ሳህን በክርኑ ገፍቶ ሰበረው። ሳህኑ ያስተማሩት ሰውዬ ትተውለት የሄዱት ነበር። ነጎድጓዱ የጎዳናውን ውሻ አስጮኸ። ደንበኛው ገና ግማሽ ጢሙን ሳይላጭ ወጥቶ ሄደ።

ሰውየው ስብርባሪውን ለቃቀመና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። «አልሆነም» አለ። «ነገ አትምጣ በያት። ሕፃኑን ከማስደነግጠው በፎቶግራፍ ባየው ይሻላል።»

እኔ በበኩሌ አንጀቴን በላው። ወጣቷ ግን አጠገቡ ተንበረከከች።

«ጋሼ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ስንት ፊኛ ነው ያሉኝ?»

«አሥራ ስምንት።»

«አሥራ ስምንተኛው ሲፈነዳ መምህርዎ አባረሩዎት?»

ሰባራውን ሳህን በእጁ አገላበጠ።

«አላባረሩኝም» አለ በመጨረሻ። «አሥራ ዘጠነኛውን ነፍተው ሰጡኝ።»

«ነገ አሥራ ዘጠነኛው ነው» አለች።

ጠንካራ ሰው የሚባለው ፊኛ ያልፈነዳበት ይመስለኝ ነበር፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ተማሪዎቼንም እንዲሁ ነበር ያስተማርኳቸው። ለካ ጥንካሬ የሚታወቀው ፊትን ከሳሙናው ጠርጎ ሌላውን በመቀበል ነው።

እሁድ እኔም ሰውየው መኖሪያ ቤት ተጠራሁ። ሴት ልጁ ከባሏና ከሕፃኑ ጋር መጣች፤ የእጅ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ከበሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰውየው ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ በላዩ ላይ ነጭ ፎጣ ጣል አድርጓል።

«አባዬ፣ ቤት ውስጥ ፎጣ ምን ያደርግልሃል?»

«ለልጁ ለሃጭ ነው» አለ።

ሕፃኑን ተቀበለ። ከአርባ ዓመት በላይ የሰው ጭንቅላት የያዘ እጅ ነውና አያያዙን ያውቅበታል፤ ልጁ ብዙ ሳይቆይ ደረቱ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ሬዲዮኑ ዜና ይናገራል። ባልየው፣ ቢረሳ ነው መቼስ፣ እጁን ሰደደና ጣቢያውን ለወጠው። ሙዚቃ ቤቱን ሞላው።

ባልየው ያደረገውን ሲያውቅ እጁ ሬዲዮኑ ላይ ደርቆ ቀረ። ልጅቱ ብድግ አለች። የሰውየው አንገት ቀላ፤ ደረቱ ተነፋ፤ ሕፃኑ ከደረቱ ጋር ከፍ አለ። ከዚያ አውራ ጣቱ ወደ ፎጣው ሄደች። አንዴ ጠረገ። ሁለቴ ጠረገ።

«ጥሩ ሙዚቃ ነው» አለ፣ እኔ እንኳ ለመስማት ዘንበል እስክል ድረስ በዝግታ። «ግን ልጄ፣ ትንሽ ድምፁን ዝቅ አድርገው። ልጁ ተኝቷል።»

ልጅቱ አባቷን ዓይን ዓይኑን አየችው። ከዚያ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ወደ ወጥ ቤት እየገባችም «አባዬ፣ ሳህኖቹ የት ናቸው?» አለች።

ዛሬ የልጅ ልጁ እሁድ እሁድ እየመጣ ፎጣውን ያኝካል። ግማሽ ጢሙን ይዞ የሄደው ደንበኛም ተመልሶ ሌላውን ግማሽ ተላጭቷል። ነጎድጓዱ በወር አንዴ ቢሰማ ነው፤ ሲሰማም ሰውየው ራሱ «አንድ ፊኛ» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። መስኮቱም ተከፍቷል፤ የአየር ዝውውሩ ሸጋ ነው።

ያን እሁድ ስሰናበት እስከ በር ሸኘኝና ከኪሱ አንድ ያልተነፋ ቀይ ፊኛ አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረ።

«ለእኔ ነው?» አልኩት።

«የእኔ ቁጣ በአምስት ደቂቃ ይበርዳል መምህር» አለ ፈገግ ብሎ። «አራት ወር ያኮረፉት እርስዎ ነዎት።»

ሁለት ዓመት ያላነጋገርኩት ወንድም አለኝ። ፊኛውን ኪሴ ከትቼ በዚያው ወደ እሱ ቤት አመራሁ።