ስኩልቪክ ላይ ውሃችን በረዶ የሆነ ቀን

ክቡራትና ክቡራን፣ የክሊኒካችን ሠራተኞች፣ ወዳጆቼ፣

ይህን የጡረታ ግብዣ ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ ከልቤ አመሰግናለሁ። ኬኩን የጋገረው ሾፌራችን ኦድቫር ነው አሉኝ። ኦድቫር፣ እጅህ ይባረክ፤ ግን ይህን ሁሉ ስኳር የጨመርከው ለአዲሷ የጥርስ ሐኪም በሽተኛ ለማብዛት ነው?

ንግግር አልችልበትም። እኔ የለመድኩት አፉን ከፍቶ መልስ መስጠት ከማይችል ሰው ጋር ማውራት ነው። ዛሬ እናንተ አፋችሁን ዘግታችሁ ስታዩኝ ግራ ገባኝ።

«ቱርዲስ ሳትጨነቅ የዋለችበት ቀን የለም» እያላችሁ እንደምታሙኝ አውቃለሁ። እውነታችሁን ነው። ዛሬ ጧትም ልብሴን ሳልለብስ ያየሁት ቴርሞሜትሩን ነው። ምን አገባኝ? ከእንግዲህ የጥርስ ክሊኒክ ያደረግናትን ቤት መኪና ይዛ በየዓሣ አጥማጁ መንደር የምትዞረው ዶክተር ኢንጉን ናት። ሰኞ ትወጣለች። ትናንት «የበረዶው ክረምት ያን ያህል ያስፈራል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም ስቄ አለፍኩት። ኢንጉን፣ መልሱን አሁን ልንገርሽ።

ጥር ላይ ነበር። እኔና ኦድቫር መኪናዋን ስኩልቪክ ወደብ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አቁመናል። እማማ ጉድቬግ የሚባሉ አሮጊት መጡ፤ መንጠቆ ላይ ማጥመጃ ሥጋ እየሰኩ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ጉንጫቸው አብጦ አንድ ዓይናቸውን ሊደፍነው ደርሷል።

«መቼ ነው የጀመረዎት?» አልኳቸው።

«ዓሣው መግባት ሲጀምር።»

«ታዲያ እስካሁን ምን ሲያደርጉ ቆዩ?»

«ዓሣው ሲገባ ማን ለጥርስ ጊዜ አለው፣ ልጄ?»

ወንበሩ ላይ አስተኝቼ ገና ሳያቸው ነፋሱ ከባሕር ተነሣ። የተራራው መንገድ ተዘጋ። ቀጥሎ የመንደሩ መብራት ጠፋ። እኛ ትንሽ ጄኔሬተርና የጋዝ ማሞቂያ ስላለን ግድ አልሰጠንም። ብዙም ሳይቆይ ግን ትንፋሼን በዓይኔ ማየት ጀመርኩ።

ኦድቫር ወጥቶ ሲመለስ ጢሙ በረዶ ሆኗል። «ጋዙ አይመጣም» አለኝ።

«ዛሬ አይደል እንዴ ሙሉ ሲሊንደር የገጠምከው?»

«ሙሉ ነው። ግን አይወጣም።»

ለካስ ሲሊንደሩ መኪናዋ ከሞቃት አገር ስትገዛ አብሯት የመጣ ነው። እዚያ የሚሸጡት ጋዝ ደግሞ ብርድ ሲነካው ፈሳሽ ሆኖ ከሥር ይተኛል እንጂ ወደ ላይ አይወጣም። ኦድቫር ሲሊንደሩን በጫማው ረገጠና «ሰነፍ!» አለው። ሲሊንደሩ ምን ይፍራ፤ ዝም አለ።

ከዚያ ከወለሉ በታች የሚንዠቀዠቅ ድምፅ ሰማሁ። ማሞቂያው የምንጠቀምበትን ውሃም ያሞቃል፤ ከሥሩ አንዲት ትንሽ ቫልቭ አለች፤ ብርድ ሲሰማት ማሞቂያው እንዳይፈነዳ ብላ ራሷን ከፍታ ውሃውን ታፈሰዋለች። ለደግ ነው የተሠራችው። ግን ያ ሙቅ ውሃችን በረዶው ላይ ፈስሶ አለቀ። ዛሬም ቤቴ ውስጥ የሆነ ነገር ጠብ ሲል ብድግ እላለሁ።

ወደ እማማ ጉድቬግ ዞርኩ። ምራቃቸውን መዋጥ አቅቷቸዋል። እብጠቱ ከመንጋጋቸው ወርዶ ትንፋሻቸውን ሊዘጋ ወደ ጉሮሮ እየሄደ ነው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ለተቀመጣችሁት መንገር አያሻኝም። ሄሊኮፕተር እንዲልኩልን ደወልኩ። «ነፋሱ ካልቆመ አንነሣም» አሉኝ።

«እቤታቸው እንውሰዳቸው፤ ምድጃ አላቸው» አለ ኦድቫር።

«መግሉን ስከፍተው በምን እመጠዋለሁ? ወደ ሳንባቸው ቢገባስ?»

መምጠጫው ከመኪናዋ ጋር የታሰረ ነው። የሚመጠውን የሚያወጣው ቧንቧ ደግሞ ከወለሉ በታች ያልፋል። ሞከርኩት። አጉረመረመ እንጂ አልሳበም። ቧንቧው በረዶ ሆኗል።

ኦድቫር በሩን ከፍቶ ወጣ። ትቶኝ የሄደ መሰለኝ፤ ይቅር በለኝ ኦድቫር፣ እውነት እንደዚያ መሰለኝ። እኔ የማደንዘዣውን ብልቃጦች እንዳይቀዘቅዙ ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ፣ የአሮጊቷን እጅ ይዤ ትንፋሻቸውን አዳምጥ ነበር።

«ዶክተርዬ» አሉኝ ጥርሳቸውን እንደነከሱ፣ «እጅሽ ይንቀጠቀጣል።»

«ብርዱ ነው፣ እማማ።»

«ብርዱማ እኔንም ይዞኛል። እኔ መች ተንቀጠቀጥኩ?»

ከዚያ የመኪናዋ ጎን ጓ፣ ጓ ሲል ሰማሁ። በመስኮት ሳይ ኦድቫር የጠራቸው ዓሣ አጥማጆች የዓሣ ሳጥን እየተቀባበሉ መኪናዋን ከሥር ዙሪያዋን ያጥሯታል። በላዩ ሸራ ወጠሩ፤ በሸራው ላይ በረዶ በአካፋ ቆለሉበት። ነፋሱ ከሥራችን መግባት አቆመ። በረዶን በበረዶ መከላከል! ኦድቫርም ከዓሣ ማጨሻው ቤት ብርድ የማይበግረው ጋዝ ያለበት ሲሊንደር ተሸክሞ መጣ።

ሃልስቴን የሚባል ግዙፍ ዓሣ አጥማጅ ፀጉር ማድረቂያ ይዞ ቧንቧው ውስጥ ያለውን በረዶ ሊያቀልጥ ከመኪናዋ ሥር ተኛ። ገመዱን ከጄኔሬተራችን ሲሰካ «የሚስቴ ነው» አለኝ፤ «ካቃጠልኩት እናንተ ጋ ነው የማድረው።»

ማሞቂያው ነደደ። እፎይ ከማለቴ የጭስ ማስጠንቀቂያው ደወል ጮኸ። «ጭሱ ተመለሰ! በሩን ክፈቱ!» ብዬ ጮህኩ። የተቆለለው በረዶ ተንዶ የጭስ መውጫውን ደፍኖታል። በጭሱ ውስጥ ያለው መርዝ ሽታ ስለሌለው ማስጠንቀቂያው ባይኖር ኖሮ ሁላችንም እዚያው እናንቀላፋ ነበር። በሩን ስንከፍት ያገኘናት ትንሽ ሙቀት ሄደች። ኦድቫር መውጫውን ቆፍሮ ከፈተና አካፋውን ይዞ እዚያው ቆመ። ሥራዬን እስክጨርስ አልተነቃነቀም።

ሙቀቱ በዝግታ ተመለሰ፤ እማማ ጉድቬግ ግን በዝግታ አይደለም የሚብስባቸው። ማደንዘዣውን ወጋኋቸው። ቢላዋውን አነሣሁ። መምጠጫው አሁንም አይስብም። ልጠብቅ ወይስ ልክፈት? ሐኪም ሆኜ እንደዚያ ተጨንቄ አላውቅም። ትንፋሻቸው እንደ ፉጨት መሆን ሲጀምር ከወለሉ ሥር ሃልስቴን ጮኸ፦

«ሄደ! ውሃው ሄደ! ሴትዮ፣ ጀምሪ!»

ጀመርኩ። መግሉ ገነፈለ፤ መምጠጫው እየተንገጫገጨ ሳበው። ሽታውን አልነግራችሁም፤ ኬክ ፊታችሁ ነው። እማማ ጉድቬግ ግን አንድ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። በማግስቱ ነፋሱ ቆሞ ሄሊኮፕተር ወሰዳቸው። ሆስፒታል ሰነበቱና ድነው ወደ መንጠቋቸው ተመለሱ።

ቧንቧው ግን ተሰንጥቆ ኖሮ በረዶው ሲቀልጥ የበሩን ደጃፍ አጥለቀለቀው፤ ውሃውም መልሶ በረዶ ሆነ። ኦድቫር «ጨረስን!» ብሎ ሲገባ ተንሸራቶ የፊት ጥርሱን ሰበረ። ፈገግ በል እስቲ፣ ይዩት። የእጄ ሥራ ነው።

እንግዲህ ኢንጉን፣ መልሴ ይህ ነው፤ አዎ፣ ያስፈራል። ሲሊንደሩ ውስጥ ምን ዓይነት ጋዝ እንዳለ ሳታውቂ ከግቢ እንዳትወጪ። ሙቀቱ ቧንቧዎቹ ጋ እንዲደርስ የቁም ሣጥኖቹን በር ክፍት አድርጊው። ውሃ የማያስፈልግሽ ቀን ታንከሩን ባዶ አድርጊ። የጭስ መውጫውን በዓይንሽ እዪው፤ «አይቼዋለሁ» ያለሽን ሰው ብታምኚውም ደግመሽ እዪው። በደረስሽበት መንደር ሁሉ ደግሞ በሽተኛ ከመጥራትሽ በፊት ወደቡ ላይ ወርደሽ ሰላም በያቸው። ያን ቀን እኔ የአንዳቸውንም ስም አላውቅም ነበር፤ እነሱ ግን መጡልኝ።

እኔ ከእንግዲህ ቤቴ ሞቆ እተኛለሁ ብላችሁ ታስባላችሁ? ነፋስ በተነሣ ቁጥር እናንተ የት እንደደረሳችሁ ሳስብ ነው የምውለው። ስለዚህ አንድ ነገር ቃል ግቡልኝ፤ ስትደርሱ ደውሉ። «ደረስን» ብቻ በቂ ነው። ካልደወላችሁ እኔ እደውላለሁ፤ ደግሞ ታውቁኛላችሁ፣ ደጋግሜ ነው የምደውለው።

ወዳጆቼ፣ መንገዱ አይዘጋባችሁ። ያከማችሁት ሁሉ ይዳን። እሳታችሁ አይጥፋ፣ ውሃችሁ አይቁም። ልጆቻችሁ በሰላም ይደጉ፤ እጃችሁ ሳይንቀጠቀጥ ለጡረታ ያብቃችሁ፤ ቢንቀጠቀጥም ሥራውን ይጨርስ።

የትም ብትሆኑ ደግሞ፣ እግዜር የሚጨነቅላችሁ ሰው አያሳጣችሁ።