ቀስ ብሎ የሚደርስ አስኳል

ከመካነ ሰላም ወደ አቀስታ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ አንድ አዛውንትና ፊዚክስ የሚያጠና ወጣት ተቀምጠዋል። አዛውንቱ ለወንድማቸው ልጅ ሽማግሌ ሆነው ሚስት ሊጠይቁ ነው፤ ከተነሳን ጀምሮ ሹፌሩን «ንዳው እንጂ» ይሉታል።

«አንተስ ልጄ፣ ሥራህ ምንድን ነው?»

«የአቶም አስኳሎችን እርስ በርስ እናጋጫለን። በዓይን አይታዩም። ጨረር የሚያወጡ ስለሆኑ ቶሎ ይከስማሉ።»

«ምን ያህል ይቆያሉ?»

«አንዳንዶቹ አንድ ሰከንድ አይሞላቸውም።»

«ታዲያ በጥድፊያ ነዋ የምትወረውሯቸው።»

«የለም ጋሼ፣ ቀስ አድርገን ነው።»

«እየሞቱ?»

«በጣም ከፈጠኑ የደረሱበትን ሰባብረው ያልፋሉ። ቀስ ብለው ሲደርሱ ነው አንዱ ለሌላው ትንሽ ቅንጣት የሚሰጠው።»

«ሁሉም ይሰጣል?»

«አብዛኛው ሳይነካካ ይመለሳል።»

«የተመለሰውስ?»

«እሱማ ይከስማል። ሌላ እንልካለን።»

«እኛ ግን ያው እኛው ነን የምንላከው። ሁለቴ መልሰውናል።»

«ለምን ጋሼ?»

«ባለፈው ሰላምታው ሳያልቅ፣ ከብቱ ደህና ነው ሳልል፣ ልጅቷን ስጡን አልኩ።»

«እሱማ ፈጥነዋል።»

«ወላሂ ፈጥኛለሁ።» ወደ ፊት ዘንበል አሉ። «ሹፌር፣ ቀስ በል እስቲ።»

«እስካሁን ሲያቻኩሉኝ ቆይተው?»

«አብሽር፣ ቀስ በል። ሰባብረን ልናልፍ ነው።»

አቀስታ የነበረኝ ቀጠሮ ካለፈ ግማሽ ሰዓት ሆኖት ነበርና፣ ሰዓቴን ከእጄ ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት።