ለቀጭን ደረት የተሰፋ ቀበቶ

ተው፣ ገና ከወንበሩ አትውረድ፤ ከፍ አድርገህ ያዘው። እንዲያ። በቀኝ በኩል ዝቅ ብሏል… ሁለት ጣት ያህል። አሁን ተስተካከለ። እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔ ወንድም። አንተ ባትኖር ይሄ መጋረጃ መሬት ሲጠርግ ሊያረጅ ነበር። ጨርቁ ከመጣ አራት ወሩ። የከሰዓት ፀሐይ ደግሞ መጋረጃ ተሰፍቶ እስኪያልቅ አይታገስም፤ የሶፋውን ክንድ አይተኸዋል? ቀለሙን መጦ ጨረሰው።

አይ፣ አትመልስልኝ! ስፒል በአፍህ ደርድረህ እንዴት ልታወራ ነው? ብትውጠው ሚስትህ እኔን ነው የምትይዘኝ። ዝም ብለህ ስማኝ። እጅህ ወደ ላይ፣ አፍህ ስፒል… ከዚህ የተሻለ አድማጭ ከየት ይገኛል?

ለጋሼህ አትስጋ፤ ተኝቷል። ያውልህ ሶፋው ላይ፣ ጋዜጣ ፊቱ ላይ ጥሎ። ምሳውን እንደበላ “ትንሽ ጋደም ልበል” አለ። እንዴት ያለ ደስ የሚል እንቅልፍ ነው! ጋዜጣው እንኳ አይነቃነቅም። ድምፅ የለ፣ ኮሽታ የለ። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር እንዲህ ጸጥ ብሎ ሲተኛ ሳየው ይሄ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ነፍሳቸውን ይማረውና አባቴ ሊመክሩት የመጡ ዕለት ነበር።

ለማንኛውም እኛ የራሳችንን ወግ እናውጋ። ስለ እሱ አይደለም እኮ! ምን በወጣኝ የተኛ ሰው የማማው? ስለ አንዲት ሴት ልንገርህ ብዬ ነው። አታውቃትም። ባሏንም አታውቀውም።

የዚህች ሴት ባል የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ምስጉን ሾፌር! ቀን አውቶቡስ ይነዳል፣ ሌሊት አልጋውን ይነዳል። ማርሽ ይቀይራል፣ ዳገት ይወጣል፣ ቁልቁለቱ ላይ ጥሩምባውን ይለቀዋል። ልዩነቱ ቀን ሕዝቡ ሁሉ ይሳፈራል፣ ሌሊት እሷ ብቻ ናት። እሷ ግን አታማርርም። የሌላው ሰው ባል ያኮርፋል፤ የሷ ያንኮራፋል። ቢያንስ ቤቱ መግባቱ ይታወቃል፤ ስንቷ ናት ባሏ የት እንዳደረ የማታውቅ! የዚህች ሴት ባል የት እንዳደረ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይታወቃል።

አንድ ቀን ከበላያቸው ያለችው መምህርት ደረጃ ላይ አገኘቻትና፣ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ መሰለችህ፣ “እትዬ፣ የእንጨት መሰንጠቂያውን ማሽን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ቢያቆሙት” ብላ ለመነቻት። ምን ትበል? “እሺ ልጄ፣ እነግራቸዋለሁ” አለች። ለመሰንጠቂያው ነው የምትነግረው ወይስ ለግንዱ?

ያልሞከረችው የለም። ጆሮዋን በጥጥ ደፈነች። ትራሱን ከፍ አደረገች፣ ዝቅ አደረገች። ደግሞ አንድ ባለ እጅ ዘመድ ነበራቸው፣ ልብስ ሰፊ። እሱ ለባሏ፣ ለወንድሙ፣ የሌሊት ልብሱ ጀርባ ላይ ኪስ ሰፋለትና ኳስ ከተተበት፤ በጀርባው ሲንጋለል ይቆረቁረውና ወደ ጎኑ ይዞራል ተብሎ። ኪሱ እንዴት ያምር ነበር! ሰውዬው ግን ኳሷ ላይ ተመቻችቶባት አደረ። ጠዋት ሲታይ ትንፋሿ የወጣው ኳሷ ነበረች።

ቢሆንም ተጠቅማለች አልልህም? ሌላው ሰው በመብራት ተማረ፣ እሷ በባሏ አፍንጫ ተማረች። ወፍራም ወፍራሙን መጽሐፍ ጨረሰችው። ጦርነቱን አነበበች፣ የነገሥታቱን ውድቀት አነበበች፣ በፍቅር ያበዱትን አነበበች። የቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ “ከየት አምጥተሽ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ?” ስትላት፣ “ባሌ ይሰጠኛል” ትላለች። ሚስቱን እንዲህ ያስተማረ ሾፌር ታውቃለህ?

ጩኸቱንማ ለመደችው። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ ከልብ ከተኙም ድምፅ አይገድም። ያልለመደችው ጸጥታውን ነው። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ብቻውን ሳይተኛ አልቀረም… ዳገቱን ወጥቶ ወጥቶ፣ ጫፍ ሊደርስ ሲል፣ ቀጥ። ትንፋሽ የለም። ደረቱ ይታገላል፣ አየር አይገባም። እሷ መጽሐፏን ጭኗ ላይ ገልብጣ የግድግዳውን ሰዓት እያየች ትቆጥራለች። ዐሥር… ሃያ… አንድ ሌሊት ሠላሳ ስምንት ደርሳለች። ከዚያ በክርኗ ጎኑን ስትለው፣ ውኃ ውስጥ ከርሞ እንደ ወጣ ሰው አየሩን ግምጥ አድርጎ ይመለሳል። ጠዋት ደግሞ ጎኑን እያሻሸ “ይሄ ፍራሽ ሊገድለኝ ነው” ይላል። ፍራሽ ቀየረችለት። ደግ ሴት ናት።

ክንድህ ዛለ እንዴ? ትንሽ ቻለው፣ ሦስት ስፒል ናት የቀረችህ።

ታዲያ ባለፈው ወር ያንን ሾፌር ቀይ መብራት ያዘው። ሕግ አክባሪ ነው፣ ቆመ። አረንጓዴ በራ፤ ቆመ። እንደገና ቀይ፣ እንደገና አረንጓዴ… ሕግ ማክበር ይሉሃል እንዲህ ነው! የኋላው መኪና ሁሉ ጥሩምባውን ሲያስጮህ፣ ፊት ወንበር ላይ የነበረችው የፋርማሲ ሠራተኛ ትከሻውን ነካ አደረገችው። ቀና ብሎ ምን ቢላት ጥሩ ነው? “ደረስን እንዴ?” ተሳፋሪው በሳቅ ሞተ። ቆመው ስለነበር ነዋ የሳቁት! ከድልድዩ ቁልቁል እየወረዱ ቢሆን… በሳቅ ነበር የሚሞቱት?

ስምሪት ክፍሉ አልሳቀም። “የእንቅልፍ ምርመራ ወረቀት ሳታመጣ መሪ አትነካም” አለው። ሐኪሟም አልሳቀችም። በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቋረጥበት ሕመም ሳይሆን አይቀርም አለች፤ ልብ ይጎዳል፣ ቀን መሪ ላይ ያስተኛል፣ ግን መላ አለው፣ ማታ ማታ አየር የሚገፋ ጭምብል እናደርግለታለን፣ ብቻ መጀመሪያ እንለካው። መሣሪያ ሰጠችው፤ ጣት ላይ የሚቆነጥጥ፣ አፍንጫ ሥር የምትገባ ቀጭን ቱቦ፣ ደረት ላይ የሚታሰር ቀበቶ። “አንድ ሌሊት አስረኸው ተኛ” አለችው። በቃ፣ ይቺው ናት።

እሱ ግን “ሚስቴ ገጽ ስትገልጥ ትረብሸኛለች” ብሎ… ወንድሙ ቤት ሄዶ አደረ።

ውጤቱ መጣልሃ! ትንፋሹ አንድም ጊዜ አልተቋረጠም፤ እንቅልፉ የሕፃን ነው ይላል ወረቀቱ፣ በፊርማና በማኅተም። የሚስትየዋን ደስታ አትጠይቀኝ። መቶ ዐሥራ ስምንት ኪሎ ሰው ወንድሙ ቤት አንድ ሌሊት አድሮ ተፈወሰ! ምን ዓይነት ቤት ነው? ምን ዓይነት ፍራሽ ነው? ሐኪም ቤቱ ሁሉ ተዘግቶ ሕዝቡ ለምን እዚያ ሄዶ አያድርም?

ሰውዬው ወረቀቱን ደረት ኪሱ ከትቶ ይኸው አራት ቀኑ፤ ሸሚዝ ሲቀይር አብሮ ይቀይረዋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ? ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ግን ማንም አልነገረንም… ነገ ከጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አውቶቡሱን ያወጣል።

የመዘገበውን ሳጥን እሱ ራሱ አስነብቦ ወረቀቱን ወሰደ፤ ቀበቶውንና ቱቦውን ከትናንት ወዲያ ልትመልስ የሄደችው ሚስትየው ናት። ነርሷ ቀበቶውን ዘርግታ አየችው፣ ሚስትየዋን አየቻት፣ “ባለቤትዎ በጣም ከስተዋል እንዴ?” አለቻት። ቀበቶው ስንዝር ተኩል ጠቧል! ለዚያ ሾፌር ጭን እንኳ አይበቃም። እና እንዴት እንደ ጠበበ ልንገርህ? በእጅ ስፌት። ወደ ኋላ እየተመለሰ የሚወጋ፣ እንደ ሰሊጥ የደቀቀ፣ አንዷ ከአንዷ የማትበልጥ… “እንዲህ የሚሰፋ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው” አለች፣ በልቧ። ለነርሷማ “አዎ፣ ሐሳብ ነው ያከሳው” አለቻት።

የሙያ ነገር እኮ ይገርማል። ሌላ ሰው ቢሆን ቀበቶው ደረቱ ላይ ሲወዛወዝበት በመርፌ ቁልፍ ሸብ አድርጎት ይተኛ ነበር። ባለሙያ ግን ለውሸትም ቢሆን በልክ ይሰፋል። ጠዋት ተነሥቶ ይፍታው እንዳይባል ደግሞ… ሌባ ዱካውን ያጠፋል፤ ልብስ ሰፊ እንዲህ ያለውን ስፌት በየትኛው አንጀቱ ያፍርስ? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው መርፌ በሌለበት ቤት ነው። መርፌ ባለበት ቤት እውነት በክር ይወጣል።

አልፈርድበትም። ሾፌሩ ታላቅ ወንድሙ ነው፣ “ጋሼ” እያለ ያደገው። “ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረው፤ ከመሪ ካወረዱኝ ምን እሆናለሁ?” ብሎ ለምኖት ይሆናል። እንባም አውጥቶ ይሆናል። ማን እምቢ ይላል? ለወንድሙ ደም የሰጠ አይቻለሁ፣ ኩላሊት የሰጠ ሰምቻለሁ፤ ትንፋሹን ያዋሰ ግን ያቺ ሴት ባነበበችው ሁሉ አላጋጠማትም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። አንድ ሳንባ ለሁለት ሰው ምኑ ነው…?

ቆይ። ሰማህ?

ጋዜጣው ተነሣ። ወረደ። ይኸው… ማርሽ አስገባ። አሁን ነው የተኛው፣ እንግዲህ። አወይ ልፋቴ! እስካሁን የወረወርኩት ሁሉ አንዱም አላረፈበትም ማለት ነው? ሰሚዬ መንገድ ላይ ተኛብኝ! ሚስቱ እየወጋችው እንቅልፍ የሚወስደው ሰው፣ ሞቅ ያለ ሞተርና ቀጥ ያለ መንገድ ሲያገኝ ነቅቶ ይነዳል? ይህን የምትጠይቀው ያቺ ሴት ናት፣ እኔ አይደለሁም።

ዳገቱን ያዘው። ስማው። እየወጣ ነው… እየወጣ…

ጸጥ።

አትንቀሳቀስ። ቁጠር። አፍህ ስፒል ቢይዝም በልብህ መቁጠር ትችላለህ… ስምንት… ደረቱን ተመልከት፣ እንዴት እንደሚታገል… ዐሥራ አራት… አይ፣ ጋዜጣውን አትይ፣ ጋዜጣው አይነቃነቅም… ሃያ አንድ… ቆይ ጋዜጣውን ላንሣው… ከንፈሩን አየኸው? ሃያ ስድስት… አትውረድ አልኩህ! የምነካው እኔ ነኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠለጠነ ክርን ነው… ተነሥ አንተ! ተነሥ!… ይኸው። ተመለሰ። ወደ ጎን ዞረ። አልነቃም።

ስፒሎችህን በተንካቸው። ተዋቸው፣ እኔ እለቅማቸዋለሁ። ና ውረድ፣ መጋረጃው ይቆየን። ምነው ላብ በላብ ሆንክ፣ የኔ ወንድም? አንድ ጊዜ እኮ ነው የሰማኸው። ለካስ ያን ሌሊት ከጎኑ አልተኛህም… አልተኛም ወንድምየው፤ ማሽኑን በራሱ ደረት አስሮ ሌላ ክፍል ነበር። የሕፃን እንቅልፉን እየተኛ።

ሞኝና ወረቀት ያልኩህን ላርመው… ነቅቶ ሳለ ነው የማይለቀው። ሲተኛ ይለቃል። ይኸው፣ ከደረት ኪሱ መዘዝኩት። መጽሐፌ ውስጥ ገጽ መያዣ ይሆነኛል። ነገ ጠዋት ስምሪት ክፍል የምሄደው እኔ ነኝ፤ አልጮህም፣ አልከስም፤ “ምርመራው ተደግሟል፣ ውጤቱ እስኪመጣ ይጠብቁት” እላቸዋለሁ። ሲነቃ ይጩህብኝ። በተኛበት ሲጮህ ሠላሳ አንድ ዓመት ችዬዋለሁ፣ ነቅቶ ቢጮህ ምን ይገርመኛል?

መሣሪያው ከጠረጴዛው ሥር ነው፣ ነርሷ ለአንድ ሌሊት ደግማ ሰጥታኛለች። ቀበቶው ይኸው። መቀስህም ይኸው። የከሰዓት ፀሐይ ሳይጠልቅ በመስኮቱ ብርሃን ፍታው፤ ዛሬ ማታ እዚሁ፣ በገዛ አልጋው፣ የባለቤቱ ደረት ላይ እንዲታሰር። ካልፈለግህ ደግሞ አላስገድድህም። እንዲህ ያለ ስፌት ማፍረስ ኃጢአት ነው… አንዷን ፈታህ? ቀስ በል፣ ጨርቁን እንዳትቀደው።

በል፣ ፈጣሪ ዕድሜህን ከሙሉ ጤና ጋር ያርዝምልኝ። እጅህን አያዝለው፣ ዓይንህን አይያዘው። ጉንፋን እንኳ ደጅህን አይርገጥ፣ የኔ ወንድም። ያንን ምስኪን ሾፌር በቀበርን ማግሥት እንኳ፣ ትንፋሹ አንድም ጊዜ እንዳልተቋረጠ በፊርማና በማኅተም የሚመሰክርልን ደረት አያሳጣን።