የአያት ስም

በደርግ ጊዜ ነው፤ ከመካኒሳ በተሳፈርኩበት ውይይት ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት ፊት ለፊታቸው የተቀመጠውን የዚምባብዌ ተማሪ ይጠይቁታል።

«ስምህ ማነው ልጄ?»

«ፒተር።»

«የአባትህስ?»

«ጆርጅ።»

«የአያትህስ?»

«ጃክ።»

«ውይ! የአገራችሁ ስም የለም እንዴ?»

«አለ እማማ። አያቴ የነጭ እርሻ ላይ ሲቀጠር፣ ሰውየው ስምህ ለአፌ ከበደኝ ብሎ ጃክ አለው።»

«እሱስ ዝም አለ?»

«ምን ያድርግ? ሲጠሩት ለመደው።»

«ተመስገን ነው፣ እኛን ነጭ ስላልገዛን ስማችንን የነካብን የለም።»

«የእርስዎስ ስም ማነው?»

«አልማዝ።»

«እናትዎ ናቸው ያወጡልዎት?»

«እናቴማ ዲንቂቱ ነበር የምትለኝ። አልማዝ ያሉኝ፣ ልጅ ሆኜ ሰው ቤት ስቀጠር፣ የቤቱ እመቤት ናቸው።»

«ለምን?»

«እንጃ ልጄ... ለአፋቸው ከብዷቸው ይሆናል።»

እኔም በሆዴ የራሴን፣ የአባቴን፣ የአያቴን ስም ስቆጥር፣ አያቴ ላይ ስደርስ አማርኛው ቆመ።